መጀመሪያ በየት በኩል ገቡ?

በኖንግ ሴኒንግ የጊታር ወርክሾፕ ውስጥ ቫርኒሽ የምቀባው እኔ ነኝ፤ ኖንግ በኛ አገር ጋሼ፣ ናንግ ደግሞ እትዬ እንደማለት ነው። የክርስትና ስሜ ካርሜሊቶ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ሊቶይ ይለኛል። የምቀባበት ክፍል ከቫርኒሹ ሽታ የተነሳ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ስለዚህ በጊቢው ውስጥ የሚወራ ነገር አያመልጠኝም። ሮዌና አሁን የምነግራችሁን ሁሉ ስትሠራ እኔ ብሩሼን ይዤ ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ።

በሰፈራችን በአቡኖ ጊታር የምንሠራው እኛ ብቻ አይደለንም። መንገዱን ይዞ የሄደ ሰው ግራና ቀኝ ጊታር ተንጠልጥሎ ያያል። ድሮ ቱሪስቱ በአውቶቡስ እየመጣ፣ አንድ ሁለት ክር ነካ ነካ አድርጎ ገዝቶ ይሄድ ነበር። አውቶቡሶቹ እየሳሱ ሲመጡ ኖንግ ሴኒንግ ድረ ገጽ አሠሩና እሱን እንድትይዝ ሮዌናን ቀጠሩ። ሮዌና የጎረቤታችን የጀልባ መካኒክ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ቶሎ የማትናገር፣ ከተናገረች ደግሞ የማትለቅ።

የኖንግ ሴኒንግ ታላቅ እህት ናንግ ፌሊሳ በወጣትነታቸው በየሰፈሩ በዓል ጊታር እየመቱ የሚዘፍኑ ሴት ነበሩ። ኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች መገጣጠሚያቸው ደርቆ አልታዘዝ አላቸው። መዝፈኑንም መምታቱንም ትተው ጊቢው ውስጥ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ደንበኛ መቆጣት ያዙ። አንድ ቀን ጊታሩን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ ያስሰነጠቀ ሰውዬ መጣ። ናንግ ፌሊሳ እየሰደቡትም እያስተማሩትም ስንጥቁ እንዴት እንደሚጠገን ሲያሳዩት፣ ሮዌና በስልኳ ቀዳችውና ድረ ገጹ ላይ ለጠፈችው። ሰው ወደደው። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ሆነ። ክር እንዴት ይቀየራል፣ ያለ መሣሪያ በጆሮ ብቻ እንዴት ይቃኛል፣ የላላ አንገት እንዴት ይጠብቃል። ናንግ ፌሊሳም ቀረጻ ባለበት ቀን ፀጉራቸውን አበጥረው፣ አበባ ያለበት ቀሚሳቸውን ለብሰው ይመጡ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው ኤርዊን ከማኒላ ሲመጣ ነው። ተበላሸ ስል ኤርዊን ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። የኖንግ ሴኒንግ አማች ነው፤ ማስታወቂያ ቤት ሠርቷል፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ሥራ የሚወድ ልጅ። እንደመጣ የጊታሮቹን ፎቶ በሙሉ አዲስ አነሳ፤ ኢንተርኔት ላይም ማስታወቂያ አስወጣ። ትዕዛዙ ጨመረ። እኔም ቫርኒሹ እስኪደርቅ የምጠብቅበት ጊዜ እስኪያጥረኝ ድረስ ሥራ በዛብኝ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በዘንባባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ከበን ተቀምጠን ሳለ፣ ኤርዊን ላፕቶፑን ከፈተ።

«ኖንግ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። የሚገዙን ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወይ የወርክሾፑን ስም ራሱን ጽፈው በቀጥታ የሚመጡ፣ ወይ ማስታወቂያችንን ነክተው የሚመጡ። ከትምህርቱ ገጽ መጥቶ የገዛ ሰው የለም ማለት ይቻላል።»

«ግን እኮ ብዙ ሰው ያየዋል» አለች ሮዌና።

«ያየዋል! ያያል፣ ጊታሩን ይጠግናል፣ ይሄዳል። ነፃ ክሊኒክ ነው የከፈትነው» አለና ሳቀ። «እንዝጋውና ድረ ገጹ ሱቅ ብቻ ይሁን። የሮዌናም ጊዜ ለሽያጭ ይውላል።»

ኖንግ ሴኒንግ ወደ እህታቸው አዩ። ናንግ ፌሊሳ የዓሣውን እሾህ እያወጡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ዝጉት» አሉ። «እኔም ፀጉር ማበጠሩ ሰልችቶኛል።»

እኛም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። በማግስቱ ግን ጊቢው ውስጥ አልታዩም። በሳልስቱም አልመጡም። ወንበራቸው ላይ ሰው አልተቀመጠም፤ ድመቷ እንኳ ወጥታ ወረደች።

ሮዌና ኖንግ ሴኒንግን የጊታር አንገት እየላጉ አገኘቻቸው። ኤርዊንም አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ኤርዊን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ስማችንን ጽፎ የሚመጣው ሰው ስማችንን ከየት አወቀው?»

«ከማስታወቂያው ነዋ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሌላ ከየት ሊሆን ይችላል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ሪፖርቱ የሚያውቀው ሰውዬው የገዛ ቀን በየት እንደገባ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በየት እንደመጣ አያውቅም። ካላወቅን ደግሞ የምንዘጋው በር ሰዎቹ የሚገቡበት እንደሆነስ?»

ኤርዊን አገጩን አከከ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ይህን ስለወደድኩለት ነው ክፉ አይደለም ያልኳችሁ።

ኖንግ ሴኒንግ መላጊያውን አስቀመጡ። «ማወቅ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያስ እስከ ኅዳሩ የእመቤታችን በዓል ድረስ አይዘጋም። ካላወቅሽ ግን ልጄ፣ ኤርዊን እንዳለው ይሆናል።»

ከሰዓት በኋላ ሮዌና መስኮቴ ጋ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ምን ልትሠራ እንዳሰበች ጠየቅኳት።

«አየህ ሊቶይ፣ አንድ ሰው ዛሬ ጊታሩ ተሰበረበትና መጠገኛ ሲፈልግ ናንግ ፌሊሳን አገኘ እንበል። አይቶ ሄደ። ከወር በኋላ ስማችንን አስታውሶ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ሌላ ቀን ማስታወቂያችን ፊቱ ላይ ድቅን አለበት፤ ነካውና ገዛ። በሪፖርቱ ይህ ሰው የማስታወቂያ ሰው ነው።»

«የናንግ ፌሊሳ ሰው ሆኖ ሳለ!»

«አዎ። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ ሲገባ በራሱ ስልክ ላይ ትንሽ ምልክት አስቀምጣለሁ። በየትኛው ገጽ ገባ፣ ከየት መጣ፣ በቃ ይኸው ነው። ሲመለስ ምልክቱ እዚያው ይጠብቃል። የገዛ ቀን ምልክቱ ከትዕዛዙ ጋር አብሮ ይመጣልኛል።»

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ግን ናንግ ፌሊሳን ልታማክር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቤታቸው ከወርክሾፑ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ ነው። በረንዳ ላይ ማንጎ ሲልጡ አገኘናቸው። ሮዌና ነገሩን ስታስረዳቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ሰው ልትሰልዪ ነው እንዴ ኢንዳይ፣ ልጄ? እኔ ቤቴ የመጣ ሰው ኪስ አልፈትሽም።»

«ስማቸውን አላውቅም፣ ናንግ። ደግሞ አስፈቅጄ ነው። እምቢ ያለ ሰው ላይ ምንም አላስቀምጥም።»

«በምን አፍ ነው የምታስፈቅጂው? በዚያ ሁሉም ቦታ ባለው የጠበቃ ወረቀት? ማን አንብቦት ያውቃል?»

«እንግዲያስ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ናንግ ፌሊሳ አንድ ቁራጭ ማንጎ ጎረሱና አሰቡ። ድረ ገጹ ላይ የወጣው ቃል በቃል እሳቸው ያሉት ነው፦ «መጀመሪያ በየት በኩል እንዳገኙን ብናስታውስ ደስ ይለናል። ስምዎን አንጠይቅም። ካልፈለጉ ቅር አይለንም፤ ጊታርዎን ብቻ ፀሐይ ላይ አይተዉት።»

ብዙው ሰው እሺ አለ። ኤርዊን አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «እኔ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጽፌ አላውቅም» አለ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ናንግ ፌሊሳ ግን ወንበራቸው ላይ አልተመለሱም፤ አዲስ ትምህርትም አልተቀረጸም። ሮዌና ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ሳትጠጣ ላፕቶፗን ትከፍታለች። ሳምንታት አለፉ። የመጡት ትዕዛዞች ምልክታቸውን ይዘው መጡ፤ ምልክቶቹ ግን ኤርዊን እንዳለው ነበሩ። ማስታወቂያ፣ በስም፣ ማስታወቂያ፣ ማስታወቂያ። ናንግ ፌሊሳ የትም የሉም።

ሮዌና ፊቷ ጠወለገ። ኤርዊን አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ።

«አይዞሽ። ጥሩ ሠርተሻል። መልሱ እንደፈለግሽው አለመሆኑ ሥራሽን መጥፎ አያደርገውም።»

«አመሰግናለሁ» አለች፤ ግን ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። ቆይታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚመጣ እንግዳ እንድትሆን ስልኳ ላይ የነበረውን ምልክት አጠፋች። በናንግ ፌሊሳ ትምህርት በኩል ገባች፤ ምልክቱን አየችው፤ ትክክል ነው። ወጣች። በማስታወቂያው በኩል ተመልሳ ገባች። ምልክቱን እንደገና ስታየው ማስታወቂያ ይላል።

ጩኸቷ ብሩሼን አስጣለኝ።

«ደምስሼው ነበር! ሊቶይ! ኤርዊን! በመጡ ቁጥር የፊተኛውን እየደመሰስኩ አዲስ እጽፍበት ነበር!»

ኤርዊን ሮጦ መጣና ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «ምልክት ካለ አትንኪው የምትል መስመር…»

«የለችም! ረስቻታለሁ!»

ሁለቱ እየተሳሳቁ ግንባራቸውን ሲመቱ ኖንግ ሴኒንግ ወጥተው ምን ሆናችሁ አሉ። ሮዌና እንደ ጥፋተኛ ቆማ ነገረቻቸው፤ ጊዜ እንዲጨምሩላትም ለመነች፤ በዓሉ ደርሶ ነበርና። ኖንግ ሴኒንግ ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«አንተ ምን ትላለህ ዶንግ፣ ልጄ?»

«ይጨመርላት» አለ ኤርዊን። «አሁን እውነቱ እኔንም አጓጉቶኛል።»

እስከ ጥር ተጨመረላት።

መስመሯ ከገባች በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ለውጥ ትንሽ ነበር። ከቦሆል ደሴት አንድ ሰው በማስታወቂያው በኩል ገብቶ ጊታር ገዛ፤ ምልክቱ ግን «የላላ መቃኛ እንዴት ይጠብቃል» ይላል። ሮዌና ላፕቶፑን ወደ መስኮቴ አዞረችልኝ። በበነጋው ሌላ መጣ፤ በስማችን የገባ፣ መጀመሪያ ግን ክር መቀየር ሊማር የመጣ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። እርግጥ ማስታወቂያውን አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡም ነበሩ፤ ሮዌና እነሱንም ሳትደብቅ ለኤርዊን ታሳየው ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ከሚገዙን ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት መጀመሪያ የገቡት በናንግ ፌሊሳ በኩል መሆኑ ግልጽ እየሆነ መጣ።

ኤርዊን አልተቆጣም፤ ግን ሙሉ ለሙሉ አልተረታም። «ተምረውም ሊሆን ይችላል» ይላል። «ያመጣቸው እሱ ነው ወይስ ዝም ብሎ መንገድ ላይ ያገኙት ነው? ይህን ምልክቱ አይነግርሽም።»

«አይነግረኝም» አለች። «ሰው መጠየቅ አለብን።»

የሚጠየቀው ሰው ራሱ መጣ። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ኤርዊን ከቢሮው እየዘለለ ወጣ። ሌይቴ ደሴት ላይ ካለ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ለአንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ የሚሆን ጊታር አዝዛለች። በወርክሾፑ ታሪክ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ገብቶ አያውቅም። መላጊያ ቆመ፣ መጋዝ ቆመ።

«በማስታወቂያ ነው!» እያለ ኤርዊን እጁን ያወናጭፋል። «በማስታወቂያ ነው የገባችው!»

ሮዌና ትዕዛዙን ከፈተችና ምልክቱን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ውሃ የገባበትን ጊታር ማዳን።»

ኤርዊን እጁን አውርዶ ስክሪኑን ሊያይ ቀረበ።

«ደውሉላት» አሉ ኖንግ ሴኒንግ።

ኤርዊን ራሱ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያነሳችው መምህርት ሌቲሺያ የምትባል የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ኤርዊን አመሰገናትና እንዴት እንዳገኘችን ጠየቃት። ሳቀች።

«በኅዳር መጨረሻ አውሎ ነፋሱ ትምህርት ቤታችንን በውሃ ሞልቶት ነበር» አለች። «ጊታሮቻችን ጭቃ ውስጥ ሲንሳፈፉ አገኘኋቸው። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ውሃ የገባበት ጊታር ይድናል ወይ ብዬ ስፈልግ አንዲት ሴትዮ ስልኬ ላይ መጡ። ‹አታልቅሺ፤ ክሩን አላልተሽ ጥላ ውስጥ አንጠልጥይው፤ እሳት አጠገብ ያስቀመጥሽ እንደሆነ ግን እጣላሻለሁ› አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ከጊታሮቹ የተረፉ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በተበላሸብኝ ቁጥር ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ግዙ ሲለን ሌላ ቦታ አላየሁም።»

«ማስታወቂያችንንስ?» አለ ኤርዊን፣ ፈራ ተባ እያለ።

«እሱን ነካሁት መሰለኝ፤ ፊቴ ላይ ስለነበረ» አለች። «ሴትዮዋ ግን አሉ? ደህና ናቸው? የመጨረሻው ትምህርታቸው የመስከረም ነው፤ ተማሪዎቼ ታመው ይሆን እያሉ ይጠይቁኛል።»

ኤርዊን ስልኩን ለኖንግ ሴኒንግ ሰጣቸው። ሽማግሌው ስልኩን ጽዋ እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው ይዘው ከጊቢው ወጡ፤ መንገዱን ተሻገሩ። እኛም ሁላችን ሽርጣችንን እንዳሸረጥን፣ ኮላና ብናኝ እንደተቀባን ከኋላ ከኋላቸው። ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ቆመው አሳለፉን።

ናንግ ፌሊሳ በረንዳቸው ላይ ልብስ እያጠፉ ነበር። «ምንድነው? ማን ሞተ?» አሉ ሰልፉን ሲያዩ።

«ከሌይቴ ነው። አንቺን ነው የሚፈልጉት» አሉ ወንድማቸው።

«ናንግ ፌሊሳ ነዎት?» አለ ስልኩ። «ሌቲሺያ እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። ጊታሮቻችን የሞቱ ጊዜ ያዳኑልኝ እርስዎ ነዎት። ተማሪዎቼ እንደ ዘመድ ነው የሚጠሩዎት፤ በአካል አይተውዎት ባያውቁም ‹ናንጋችን› ይሉዎታል።»

ናንግ ፌሊሳ የያዙት ሸሚዝ ከእጃቸው ላይ ሊንሸራተት ሆነ። አፋቸውን ከፍተው ሲናገሩ ግን የወጣው ቁጣ ነበር።

«ክሩን አላልተሽዋል?»

«አላልቻለሁ፣ ናንግ።»

«እሳት አጠገብስ?»

«በፍጹም።»

«ጎሽ!» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ሸሚዙን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ጊቢው መንገድ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ፤ እኔም የተቀባ እጄን እያጣበቅኩ አጨበጨብኩ። ኤርዊን ሮዌናን ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት።

«አሸነፍሽኝ! ሙሉ ለሙሉ አሸነፍሽኝ!»

«አንተ ባትጠይቃት ኖሮ አናውቅም ነበር» አለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

በበነጋው ጠዋት ናንግ ፌሊሳ ፀጉራቸውን አበጥረው ጊቢው ውስጥ ነበሩ። ኤርዊንም የድረ ገጹን ፊት በሙሉ ለወጠው። አሁን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የሳቸው ፊት ነው፤ ማስታወቂያዎቹም ወደ ጊታሩ ሳይሆን ወደ ትምህርቱ ይመራሉ። «ሱቁን ክሊኒኩ ውስጥ ከፍተነዋል» ይላል ለመጣው ሁሉ። ምልክቷም እየሠራች ነው፤ ሮዌና በየወሩ ውጤቷን ታወጣለች። ሌሎች የአቡኖ ወርክሾፖችም ሰምተው ጠሯት፤ ለነሱም ሠራችላቸው። ኖንግ ሴኒንግ የድረ ገጹን ሥራ በሙሉ ለሷ ሰጧትና የራሷ ክፍል ሠሩላት፤ በሩን እኔ ነኝ የቀባሁት።

የሌይቴን ጊታሮች ሰው ሁሉ ተረባርቦ ሠራቸው። ሲያልቁ ናንግ ፌሊሳ «በፖስታ አይሄዱም፤ እኔ ነኝ የማደርሳቸው» አሉ። በመርከብ ወደ ሌይቴ ወደብ ወደ ኦርሞክ ተሻገርን፤ እሳቸው፣ ሮዌና፣ ኤርዊን፣ መንገድ ላይ ለሚጫረው ቫርኒሽ ደግሞ እኔ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ላይ የጎርፉ መስመር አሁንም ይታያል። ልጆቹ ሜዳው ላይ በረድፍ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ናንግ ፌሊሳ ከመኪናው ሲወርዱ ጩኸቱ ወፎቹን ከዛፍ አስነሳ።

ጊታሮቹ ታደሉ። መምህርት ሌቲሺያ ያዘጋጀችውን ዜማ ልታስጀምር እጇን ስታነሳ፣ ናንግ ፌሊሳ «ቆይ ልጄ» ብለው ፊት ለፊት ወጡ። ያቺን የደረቀች ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጆቹ ጀመሩ። ሜዳው ሙሉ ጊታር አንድ ላይ ሲመታ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ሮዌና አጠገቤ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

መሀል ላይ ናንግ ፌሊሳ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ሁሉም ቆመ።

«ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥግ ላይ ያለኸው! አምስተኛዋ ክርህ ወርዳለች። ቃኛትና እንደገና እንጀምራለን።»

ልጁ አጎንብሶ ቃኛት። ናንግ ፌሊሳ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ፤ ይህን ጊዜ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው መዝፈን ጀመሩ።